የራሱን ስሌት የሚጠራጠር ፓኬጅ፦ ኤስቤይስ ሲገመገም

ኤስቤይስ በአር የስታቲስቲክስ ቋንቋ ውስጥ የሚሠራ፣ ለቤይዢያን የሙከራ ንድፍ ስሌት የተዘጋጀ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያወርደውና ኮዱን ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ፓኬጅ ነው። ቤይዢያን የሚባለው፣ ከሙከራው በፊት ያለንን እምነት በዕድል ሥርጭት ገልጾ በውጤቱ የሚያድስ የስታቲስቲክስ አካሄድ ነው። የቆመበትን ዘዴ አንቶኒ ኦቨርስታልና ዴቪድ ዉድስ በ2017 ቴክኖሜትሪክስ በተባለው መጽሔት ላይ አውጥተውታል፤ ፓኬጁን ራሱን የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ ደግሞ በ2020 ታትሟል። ከዚያ ወዲህ በመስኩ ብዙ አዳዲስ ነገር መጥቷል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ፓኬጁ አዲስ ስለሆነ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ የሚታለፈውን አንድ ጉዳይ ፊት ለፊት ስላስቀመጠው ነው፤ ይኸውም አንድ ንድፍ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ራሱ ኮምፒውተር በዘፈቀደ ባወጣው ናሙና የተገመተ፣ ስለዚህም በተሰላ ቁጥር የሚዋዥቅ መሆኑን ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስቀምጥ። ሙከራ የሚያካሂድ ሰው ገና ሥራውን ሳይጀምር የሚወስናቸው ነገሮች አሉ፤ ሙቀቱ ስንት ይሁን፣ መጠኑ ስንት ይሁን፣ ናሙናው በየትኛው ሰዓት ይወሰድ የሚሉት ናቸው። የእነዚህ ውሳኔዎች ስብስብ ንድፍ ይባላል። ደኒስ ሊንድሊ በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ ከክላውድ ሻነን የመረጃ መለኪያ ተነሥቶ ያቀረበው ሐሳብ፣ የአንድ ሙከራ ዋጋ የሚለካው ስለማናውቀው ፓራሜትር፣ ማለትም ሙከራው ሊገምተው ስለሚፈልገው ቁጥር፣ ያለን ጥርጣሬ በሙከራው ምክንያት በአማካይ ምን ያህል ይቀንሳል በሚለው ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ጥሩ ንድፍ ማለት ይህን የሚጠበቅ የመረጃ ትርፍ ከፍ የሚያደርግ ንድፍ ነው። ተጠቃሚው ከመረጃ ትርፍ ይልቅ ሌላ የጠቀሜታ መለኪያ ሊመርጥ ይችላል፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም።

ሐሳቡ እንዲህ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ለዐሥርተ ዓመታት በተግባር እምብዛም ያልተሠራበት ስሌቱ ስለሚከብድ ነው። ውጤቱን ገና አላየነውም፤ ፓራሜትሩንም አናውቀውም፤ ስለዚህ በሁለቱም ላይ አማካይ መውሰድ ግድ ይላል። በዚያ ላይ የመረጃ ትርፉን ለማስላት፣ ሊመጣ የሚችለው እያንዳንዱ ውጤት ፓራሜትሩ ምንም ይሁን ምን ያለው ጠቅላላ ዕድል መታወቅ አለበት፤ ይህም በራሱ ሌላ አማካይ ነው። በሁለቱ አማካዮች መካከል ሎጋሪዝም ስለገባ አንድ ላይ አጥፎ ማስላት አይቻልም። ሞንቴ ካርሎ አማካይን በዘፈቀደ በሚወጣ ናሙና መገመት ነው፤ እዚህ የተለመደው መውጫ ድርብ ሞንቴ ካርሎ ነው፤ ከቅድመ ሥርጭቱ (ከሙከራው በፊት ስለ ፓራሜትሩ ያለንን እምነት ከሚገልጸው ሥርጭት) ፓራሜትር ይወጣል፣ ከፓራሜትሩ የውሸት ውጤት ይመነጫል፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ የውሸት ውጤት እንደገና በርካታ ፓራሜትሮች ወጥተው የውስጠኛው አማካይ ይሰላል። በተራ ሞንቴ ካርሎ ስሕተትን ወደ አንድ ዐሥረኛ ለማውረድ 100 እጥፍ ሥራ ይበቃል፤ በድርቡ ግን የውጪውንና የውስጠኛውን ናሙና ብዛት በተሻለው መንገድ ብናመጣጥን እንኳ 1000 እጥፍ ያህል ሥራ ይጠየቃል።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ግን የስሕተቱ አቅጣጫ ነው። ከሎጋሪዝም ባሕርይ የተነሣ የውስጠኛው ናሙና ባነሰ ቁጥር የመረጃ ትርፉ በአማካይ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይገመታል፤ በሌላ አነጋገር የእኛ ስንፍና ሙከራውን አሳምሮ ያሳየናል። ይህ አድልዎ ለሁሉም ንድፍ እኩል ቢሆን ኖሮ ማወዳደሩን ባልጎዳ ነበር። ነገር ግን ብዙ መረጃ የሚሰጡ ንድፎች ላይ ጎላ ብሎ መታየት ይቀናዋል፤ ምክንያቱም ውጤቱ ስለ ፓራሜትሩ ብዙ በተናገረ መጠን ከቅድመ ሥርጭቱ በዘፈቀደ ከወጡት የውስጠኛ ናሙናዎች መካከል ውጤቱን በቅጡ የሚያስረዱት ጥቂቶች ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚቀርብ ማንኛውም ሶፍትዌር በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በዚህ የተዛባና የሚዋዥቅ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ እንዴት ይወስናል የሚል ነው።

ኤስቤይስ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ነው ዋናው ጥንካሬው። ንድፉን እንደ ሠንጠረዥ ያየዋል፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሙከራ፣ እያንዳንዱ ዐምድ አንድ ተለዋዋጭ ነው። ሠንጠረዡን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለማሻሻል አይሞክርም፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ አንዷን ሣጥን ብቻ ይይዛል። ይህ አካሄድ ሜየርና ናክትስሃይም በ1995 ለሌላ ዓይነት ንድፍ ካቀረቡት የልውውጥ ስልት የተወረሰ ነው። ኤስቤይስ የጨመረበት ነገር ቢኖር፣ በሣጥኗ ውስጥ ሊገቡ ከሚችሉት ዋጋዎች 20 ያህሉን መርጦ በእያንዳንዱ ላይ የሚጠበቀውን ጠቀሜታ በአነስተኛ ናሙና ከገመተ በኋላ፣ በእነዚህ ወዲያና ወዲህ በሚሉ ነጥቦች መካከል ጋውሲያን ፕሮሰስ በተባለ የስታቲስቲክስ ማለስለሻ ለስላሳ መስመር ማሳለፉ ነው። የመስመሩ ጫፍ ያለበት ዋጋ እጩ ይሆናል። እጩ መሆን ግን መመረጥ አይደለም። ፓኬጁ ለነባሩና ለእጩው ንድፍ አዲስ፣ ከቀድሞው ጋር ያልተነካካ፣ በጣም የበዛ ናሙና ያወጣና እጩው በእርግጥ የሚሻል የመሆኑን ዕድል ያሰላል፤ ለውጡንም የሚቀበለው በዚያው ዕድል መጠን ነው።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ከፓኬጁ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። መስመሩ በናሙና መዋዠቅ ተታልሎ የውሸት ጫፍ ቢያሳይ፣ አዲሱ ናሙና ያጋልጠዋል። ልዩነቱ ከመዋዠቁ የማይለይ ሲሆን ደግሞ ፓኬጁ እንደ ሳንቲም መጣል ያህል ያመነታል፤ ያላወቀውን እንዳወቀ አይናገርም። በራሳቸው ኮድ ንድፍ ሲፈልጉ ያየኋቸው ብዙ ሰዎች፣ በአንድ ናሙና ላይ ከፍተኛ የሆነውን ቁጥር ይዘው ያንኑ ቁጥር የንድፉ ዋጋ ብለው ሪፖርት ያደርጋሉ። በፈለጉበት ናሙና ላይ የተገኘ ከፍተኛ ቁጥር ዕድል የቀናው ቁጥር ነው፤ በአዲስ ናሙና ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል።

የነባሪ ቅንብሩን፣ ማለትም ተጠቃሚው ካልለወጠው ፓኬጁ የሚሠራበትን ቅንብር፣ ዋጋ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለማወዳደሪያ 20000፣ መስመሩን ለማስመር ደግሞ በእያንዳንዱ ነጥብ 1000 ናሙና ይወሰዳል። ስድስት ሙከራና አራት ተለዋዋጭ ያለው ትንሽ ንድፍ እንውሰድ፤ ሣጥኖቹ 24 ናቸው። በአንዷ ሣጥን ላይ ለመስመሩ 20 ጊዜ 1000፣ ለማወዳደሪያው 2 ጊዜ 20000፣ በድምሩ 60000 የጠቀሜታ ስሌት ይካሄዳል። ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ መዞር 1.44 ሚሊዮን፣ በነባሪው መሠረት 20 ጊዜ መዞር 28.8 ሚሊዮን ስሌት ማለት ነው። እያንዳንዱ ስሌት የራሱ ውስጠኛ አማካይ ካለው ሥራው ወደ ቢሊዮኖች ይሄዳል። ስለዚህ የጠቀሜታ ፈንክሽኑን በአር ቋንቋ በዝግታ የሚዞር ምልልስ አድርጎ የጻፈ ሰው ቀርፋፋነቱን በፓኬጁ ላይ ማሳበብ የለበትም፤ ናሙናውን በሙሉ በአንድ የማትሪክስ ስሌት ማስኬድ ወይም ከባዱን ክፍል በሲ ፕላስ ፕላስ መጻፍ የራሱ የቤት ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የፍለጋው ሁለተኛ ምዕራፍ አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሠንጠረዡ ሲታይ፣ አንዳንድ ረድፎች እርስ በርስ ለመመሳሰል ትንሽ የቀራቸው ሆነው ይገኛሉ፤ አንዱ 0.97፣ ሌላው 0.99 ይላል። ይህ ንድፉ አንዱን ሙከራ መድገም ፈልጎ በመዋዠቁ ምክንያት ሳይደርስበት የቀረ መሆኑን ይጠቁማል። ሁለተኛው ምዕራፍ ሙሉ ረድፎችን በመደጋገምና በመጣል እነዚህን ዘለላዎች ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባል። ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሁለት የተለያዩ ዝግጅቶችን ከማድረግ አንዱን ሁለት ጊዜ መድገም ስለሚቀል፣ ጥቅሙ ስሌታዊ ብቻ አይደለም።

ከፓኬጁ ጋር ለመተዋወቅ የሚመቸው ምሳሌ የሎጂስቲክ ሪግሬሽኑ፣ ማለትም የአዎ ወይም አይደለም ውጤትን ዕድል ከተለዋዋጮች የሚገምተው ሞዴል፣ ነው። አራት ተለዋዋጮች ከ-1 እስከ 1 ይንቀሳቀሳሉ፤ ውጤቱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ የቅድመ ሥርጭቱ ወሰኖች ለቋሚው ከ-3 እስከ 3፣ ለአራቱ ኮኤፊሸንቶች (እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በውጤቱ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለሚገልጹት ቁጥሮች) ደግሞ በቅደም ተከተል ከ4 እስከ 10፣ ከ5 እስከ 11፣ ከ-6 እስከ 0 እና ከ-2.5 እስከ 3.5 ናቸው። ይህ ምሳሌ የቤይዢያን ንድፍ ለምን እንዳስፈለገ በደንብ ያሳያል። በተራ የመስመር ሞዴል ምርጡ ንድፍ በፓራሜትሮቹ ዋጋ ላይ አይመሠረትም፤ ተለዋዋጮቹን ወደ ጫፍ መግፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሎጂስቲክ ሞዴል ግን ጫፍ ላይ ዕድሉ ወደ 0 ወይም ወደ 1 ይጠጋና ውጤቱ ከመታየቱ በፊት የሚታወቅ ይሆናል፤ አስቀድሞ ከሚታወቅ ውጤት ደግሞ የሚገኝ ትምህርት የለም። ጥሩው ነጥብ የት እንደሆነ የሚወስኑት እነዚያው የማናውቃቸው ፓራሜትሮች ስለሆኑ፣ ሳናውቃቸው ንድፍ ለማውጣት ያለን መንገድ በቅድመ ሥርጭቱ ላይ አማካይ መውሰድ ነው።

እዚህ ላይ ለአዲስ ተጠቃሚ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለእንዲህ ዓይነት ሞዴሎች የተዘጋጀው አመቺ ትእዛዝ ምንም ካልተነገረው የሚጠቀመው መለኪያ የመረጃ ትርፉን ሳይሆን የፊሸር መረጃ ማትሪክስ (ውጤቱ ስለ ፓራሜትሮቹ ምን ያህል እንደሚናገር የሚለካ የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ዲተርሚናንት ሎጋሪዝምን በቅድመ ሥርጭቱ ላይ በአማካይ የሚወስደውን ነው። ይህ መለኪያ ፈጣን ነው፤ ድርብ ሞንቴ ካርሎ አያስፈልገውም፤ በኳድራቸር፣ ማለትም በተመረጡ ጥቂት ነጥቦች ላይ በሚወሰድ የተመዘነ ድምር፣ ይሰላል። ነገር ግን ድኅረ ሥርጭቱን (ውጤቱ ከታየ በኋላ ስለ ፓራሜትሩ ያለንን እምነት) በትክክል የሚተካው የሙከራዎቹ ቁጥር በዛ ሲል ነው። አምስት ፓራሜትሮችን ከስድስት የአዎ ወይም አይደለም ውጤቶች ለመገመት በሚሞከርበት ቦታ በትልቅ ናሙና ግምት ላይ መደገፍ ውሃ የሚያነሳ ነገር አይደለም። ፓኬጁ ትክክለኛውን የመረጃ ትርፍም፣ የግምት ስሕተት ካሬንም፣ በኖርማል ሥርጭት የተጠጉትን መካከለኛ አማራጮችም ይሰጣል፤ መምረጥ ያለበት ግን ተጠቃሚው ነው። የትእዛዙ መመሪያ የሁሉንም ትርጉም በሐቀኝነት ያስቀምጣል፤ የትኛው መቼ እንደሚሻል ግን አንባቢው አስቀድሞ እንደሚያውቅ አድርጎ ይቆጥራል። ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

የቅድመ ሥርጭቱ አሰጣጥም እንደ ዘዴው ይለያያል። በሞንቴ ካርሎ ሲሠራ ተጠቃሚው የተጠየቀውን ያህል ናሙና የሚያወጣ ፈንክሽን ይጽፋል፤ በኳድራቸር ሲሠራ ደግሞ የሥርጭቱን አማካይና ቫሪያንስ ወይም ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን በዝርዝር መልክ ያቀርባል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ጥቂት ቢደናገር አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ፈንክሽን መቀበሉ ትልቅ ነጻነት ነው፤ ከቀድሞ ሙከራ የተገኘን የድኅረ ሥርጭት ናሙና እንዳለ ለአዲሱ ንድፍ ቅድመ ሥርጭት አድርጎ መስጠት ይቻላል።

ይኸው ነጻነት አጠቃላይ በሆነው ትእዛዝ ላይ ጎልቶ ይታያል። ይህ ትእዛዝ ስለ ሞዴሉ ምንም አይጠይቅም፤ ንድፍና የናሙና ብዛት ተቀብሎ ያን ያህል የጠቀሜታ ቁጥሮችን የሚመልስ ፈንክሽን ከተሰጠው ይበቃዋል። ሊመሰል የሚችል ማንኛውም ሙከራ፣ የላይክሊሁዱ (ፓራሜትሩ ሲታወቅ ውጤቱ የሚኖረው ዕድል) ቀመር የማይጻፍ ቢሆንም እንኳ፣ ጠቀሜታው በሆነ መንገድ እስከተሰላ ድረስ ይገባበታል። ጠቀሜታው 0 ወይም 1 ብቻ የሆነበት፣ ለምሳሌ ትክክለኛው ሞዴል ተለየ ወይስ አልተለየም የሚል ጥያቄ ሲሆን፣ ማወዳደሪያውን ለዚያ በሚስማማ፣ የ1ዎቹን ድርሻ በሚያነጻጽር ፈተና የሚተካ ምርጫ አለ። ገደብም ማስገባት ይቻላል። በፋርማኮኪኔቲክስ (መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በሚያጠናው መስክ) የታወቀው ምሳሌ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 15 የደም ናሙና መውሰጃ ጊዜዎችን መምረጥ ሲሆን በማናቸውም ሁለት ጊዜዎች መካከል ቢያንስ 15 ደቂቃ መኖር አለበት። አንዱ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ለሌሎቹ የሚፈቀደው ቦታ አብሮ ይለወጣል፤ ፓኬጁ በእያንዳንዱ እርምጃ የተፈቀዱትን ዋጋዎች ከተጠቃሚው ፈንክሽን ይጠይቃል። ሣጥን በሣጥን መሄዱ እዚህ ላይ ይክሳል፤ በአሥራ አምስት አቅጣጫ የተወሳሰበን ገደብ በአንድ አቅጣጫ ማስከበር ቀላል ነውና።

ሣጥን በሣጥን መሄድ ዋጋም ያስከፍላል። ሁለት ሣጥኖች አብረው ካልተንቀሳቀሱ የማይገኝ መሻሻል ካለ ዘዴው አጠገቡ ቆሞ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ከአንድ መነሻ ብቻ የተገኘን ንድፍ ምርጥ ነው ብሎ ማወጅ አይገባም። ፓኬጁ ከብዙ መነሻዎች በትይዩ የሚጀምርና የተሻለውን የሚመልስ ትእዛዝ ስላለው እሱን መጠቀም እመክራለሁ። ከተለያዩ መነሻዎች የሚመጡት ሠንጠረዦች መልካቸው ቢለያይ ወዲያው መደናገጥ አያስፈልግም፤ ረድፎቹ ቦታ ስለተለዋወጡ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በምርጡ ንድፍ ዙሪያ የጠቀሜታው ገጽ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ ንድፎች እኩል ጥሩ ሆነው ይሆናል። እንዲህ ያለው ጠፍጣፋነት ለተግባር ሰው መልካም ዜና ነው፤ ከእኩዮቹ መካከል ለአሠራር የሚቀለውን ይመርጣል። የተለዋዋጮቹ ቁጥር ሲበዛ ግን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሣጥኖች ያሉት ሠንጠረዥ ትዕግሥት ይፈትናል።

ትልቁ ወሰኑ ሌላ ነው። ኤስቤይስ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ሙሉውን ንድፍ አውጥቶ ያስረክባል፤ የመጀመሪያው ውጤት ታይቶ ሁለተኛው ሙከራ ለሚወሰንበት ደረጃ በደረጃ ለሚሄድ አሠራር የተሠራ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ከእያንዳንዱ ውጤት በኋላ ቅድመ ሥርጭቱን እያደሱ እንደገና ማስኬድ ይቻላል፤ ነገር ግን በፈተናው ላይ የተቀመጠ ሰው የሚቀጥለውን ጥያቄ በሚጠብቅበት ሁኔታ ሚሊዮኖች ስሌት መጠበቅ አይታሰብም። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የፓይቶርች ላይብረሪን መሠረት አድርጎ በኡበር የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ የተጀመረውና በ2017 ይፋ የሆነው፣ ፓይሮ የተባለው የፓይቶን ቋንቋ ሶፍትዌር ነው። በውስጡ ለሙከራ ንድፍ የተለየ ክፍል አለው፤ የመረጃ ትርፉን በድርብ ሞንቴ ካርሎ ብቻ ሳይሆን በቫሪየሽናል ዘዴዎችም፣ ማለትም ከባዱን ሥርጭት በቀላል ሥርጭት በሚተኩ ዘዴዎችም፣ ይገምታል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከታች፣ አንዳንዶቹ ከላይ የሚወስኑ ግምቶች ስለሆኑ ሁለቱን አንድ ላይ አስኬዶ እውነተኛው ቁጥር የሚገኝበትን ክልል ማጥበብ ይቻላል። በ2021 ደግሞ አዳም ፎስተርና ባልደረቦቹ ከዚህ አልፈው፣ አስቀድሞ በሲሙሌሽን የሠለጠነ የነርቭ መረብ የሚቀጥለውን ሙከራ በቅጽበት እንዲመርጥ የሚያደርግ ዘዴ አቅርበዋል፤ ከባዱ ስሌት ሁሉ ከሙከራው በፊት ይከፈላል።

ኤስቤይስንና ፓይሮን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ምርጫው ከፍጥነት ይልቅ የእምነት ጥያቄ ሆኖ ይታየኛል። በቫሪየሽናል ዘዴ ግምቱ ጥብቅ የሚሆነው ተጠቃሚው የመረጠው የሥርጭት ቤተሰብ ድኅረ ሥርጭቱን መምሰል ሲችልና ሥልጠናው በቅጡ ሲያበቃ ነው። ሳይበቃ ከቀረ በአንዱ ንድፍ ላይ ወሰኑ ጠብቆ፣ በሌላው ላይ ላልቶ ደረጃቸው ሊገለባበጥ ይችላል፤ የሚያስጠነቅቅ ቀይ መብራት ደግሞ የለም። በኤስቤይስ ስሕተቱ በአብዛኛው የናሙና ስሕተት ነው፤ የናሙና ስሕተት ናሙና ሲጨመር እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ለምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንደሚገባም መገመት ይቻላል። በመድኃኒት፣ በኬሚስትሪ ወይም በምሕንድስና ንድፉ አንዴ ወጥቶ፣ በገምጋሚዎች ታይቶ፣ ጸድቆ ከዚያ በኋላ ሳይነካ በሚሠራበት ቦታ ይህ ዓይነቱ ግልጽነት ትልቅ ዋጋ አለው።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልጨምር። ፓኬጁ የፍለጋውን ጉዞ በሥዕል ያሳያል፤ ሥዕሉ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ መንገጫገጭ ከጀመረ ተጨማሪ ዙር ማስኬድ የሚያመጣው ነገር እምብዛም ነው። ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ነባሪው የዙር ቁጥር ካለቀ ደግሞ የመጨረሻውን ንድፍ መነሻ አድርጎ መቀጠል ያስፈልጋል። ይህን ሥዕል ሳያዩ የመጨረሻውን ሠንጠረዥ ብቻ ገልብጦ መሄድ የፓኬጁን ግማሽ ጥቅም መጣል ነው። ሁለት ንድፎችን በቀጥታ የሚያወዳድር ትእዛዝም አለ፤ እኔ በተለይ የምጠቀምበት የተገኘውን ንድፍ አንድ ልምድ ያለው ሰው በእጁ ካወጣው ንድፍ ጋር ለማነጻጸር ነው። ልዩነቱ ከመዋዠቁ የማይበልጥ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የእጅ ንድፉን ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

የእጅ ንድፉን ይዤ ከመሄዴ በፊት የምሠራው አንድ ተጨማሪ ፍተሻ ግን አለ፤ ፓኬጁ በራሱ ስለማያደርገው ጥቂት መስመር ኮድ ይጠይቃል። ንድፉ የወጣበትን ቅድመ ሥርጭት ወሰኖቹን በማስፋት ወይም መሐሉን ወደ ጎን በማንሸራተት ለውጬ፣ ሁለቱን ንድፎች በተለወጠው ሥርጭት ሥር እንደገና አወዳድራለሁ። ከላይ በጠቀስኩት የሎጂስቲክ ምሳሌ የሁለተኛው ኮኤፊሸንት ወሰን ከ5 እስከ 11 መሆኑ ቀርቶ ከ0 እስከ 11 ቢሆን፣ በጠባቡ እምነት የተመረጡት ነጥቦች አሁንም ይመረጡ ይሆን ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። የማወዳደሪያው ናሙና 20000 ይሁን 200000፣ በተሳሳተ ቅድመ ሥርጭት ላይ የተወሰደ አማካይ በትክክል የተሰላ የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ የማወዳደሪያው ፈተናም ይህን ስሕተት የሚያይበት መንገድ የለውም።